አፍሮ አይገባ በሕግ ፊት

ስለ ላሊበላ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው አለቱ ነው፤ እንዴት ተፈለፈለ፣ ማን አነጸው፣ ስንት ዘመን ፈጀ። እኔ ግን አንባቢን ወደ ሌላ ጥያቄ ልወስድ እወዳለሁ። ጥያቄው የተሰረቀ ዕቃ የማን ነው የሚል ነው።

በ1989 ዓ.ም. ከቤተ መድኃኔ ዓለም የወርቅ መስቀሉ «አፍሮ አይገባ» ተሰረቀ። ስሙ፣ ወደ እርሱ ቀርቦ የለመነ ሰው አፍሮ ወደ ቤቱ አይመለስም ማለት ነው፤ ሕሙማንን እንደሚፈውስም ይታመናል። መስቀሉ ቆይቶ ቤልጂየም ውስጥ በአንድ ቅርስ ሰብሳቢ እጅ ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ወደ አገሩ ገባ። ላሊበላ እልል አለች። ሰብሳቢው ግን 25,000 ዶላር ተከፍሎታል። ስለ መመለሱ ብዙ ተወርቷል፤ እኔን የሚከነክነኝ ገንዘቡ ነው። ሰው የገዛ ዕቃውን ለማስመለስ ስለ ምን ይከፍላል?

መልሱ በከፊል እ.ኤ.አ. በ1804 በወጣው የናፖሊዮን ሕግ ውስጥ ይገኛል። ቤልጂየምም ይህንኑ ሕግ ወርሳ ለረጅም ዘመን ሠርታበታለች። በሕጉ መሠረት ተንቀሳቃሽ ዕቃ በእጁ የተገኘ ሰው እንደ ባለቤት ይቆጠራል። የተሰረቀበት ሰው በሦስት ዓመት ውስጥ መጠየቅ ይችላል፤ ነገር ግን ገዢው ዕቃውን ከገበያ ወይም መሰል ዕቃ ከሚሸጥ ነጋዴ ገዝቶ እንደ ሆነ ዋጋውን መተካት አለበት። ሐሳቡ ለንግድ ሰላም የታሰበ ነው፤ ገዢ የእያንዳንዱን ዕቃ የዘር ሐረግ ሊቆጥር አይችልም ይላል። የደጋችን ገበያ ወግ ሌላ ነው። በቅሎ የሚገዛ ሰው ዋስ ይጠራል፤ የመጠየቁ ሸክም በገዢው ላይ ነው። (የወርቅ መስቀል ያለ ዋስ የሚገዛ ሰው ቅን ልቦናው ምን ዓይነት ይሆን?)

ይሁን እንጂ ባዕዱን ብቻ መውቀስ አይገባንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከዚያው ምንጭ ቀድቷል። 1161ኛው አንቀጽ በቅን ልቦና ዕቃ የገዛና የተረከበ ሰው ባለቤት ይሆናል ይላል፤ ለተሰረቀ ዕቃ ግን ባለቤቱን ይደግፋል።

ሌላም ነጥብ አለ፤ ከሳሹ ማን ነው? በቻይና ፉጂያን አውራጃ ሁለት መንደሮች እ.ኤ.አ. በ1995 የተሰረቀባቸውን፣ የአንድ መነኩሴ አጽም በውስጡ ያለበትን ሐውልት ከአንድ ሆላንዳዊ ሰብሳቢ ለማስመለስ ተሟግተው ነበር። የአምስተርዳም ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ክሱን አልተቀበለም፤ የመንደር ኮሚቴ በሕግ ፊት ሰውነት የለውም አለ። የቻይና ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 ለመንደሮቹ ፈረደ፤ ይግባኙም በ2022 ጸና። አንድ ሐውልት፣ ሁለት ፍርድ! የእኛ ሕግ በዚህ ረገድ አስቀድሞ ያሰበ ይመስለኛል፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በሕግ የሰውነት መብት እንዳላት በግልጽ ደንግጓል።

የቅርስ ዝውውርን የሚከለክለውን የ1970ውን የዩኔስኮ ስምምነት ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003፣ ቤልጂየም በ2009 ተቀብለውታል፤ መስቀሉ ከገባ በኋላ መሆኑ ነው። ያ ስምምነትም ቢሆን አስመላሹ መንግሥት ሳያውቅ ለገዛ ሰው ተገቢ ካሣ ይክፈል ይላል። ነገ ሌላ መስቀል ብናስመልስም ክርክሩ የሚጀምረው ገዢው ሲገዛ ምን ጠየቀ ከሚለው ላይ ነው።