የተጫዋች ቍጥርና የጨዋታ ወሰን
(ገናና የሰባት ሰው ራግቢ ከግሸን ታሪክ ጋር ሲነጻጸሩ)

በዚህ አጭር ጥናት የምናቀርበው ስለ ጨዋታ ነው። ጨዋታ ለታሪክ ተማሪ የሚገባ ርእስ አይደለም የሚል ሰው ቢኖር፣ አንድ ሕዝብ ማንን ከማን ጋር እኩል አድርጎ እንደሚያሰልፍ፣ ማንንስ ዳር አቁሞ ተመልካች እንደሚያደርግ በጨዋታ ሜዳ ላይ በግልጽ እንደሚታይ እናስታውሰዋለን። ለንጽጽር የመረጥናቸው ጨዋታዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው በአገራችን ደጋዎች በልደት በዓል የሚደረገው ገና ነው፤ ሁለተኛው በብዙ አገር ኰሌጆች የወንዶችና የሴቶች ቡድኖች በአንድ ሜዳ የሚወዳደሩበት የሰባት ሰው ራግቢ ነው። ጥያቄአችንም ይህ ነው፤ ጨዋታን በቍጥር፣ በሰዓትና በወሰን መገደብ ጨዋታውን ያጠፋዋል ወይስ በሩን ለብዙ ሰው ይከፍተዋል? ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከግሸን እንጀምራለን። ግሸን ከደሴ በስተ ሰሜን፣ በአምባሰል ምድር የሚገኝ፣ ዙሪያው ገደል የሆነ አምባ ነው። አናቱ የመስቀል ቅርጽ አለው፤ በየዓመቱም መስከረም 21 ቀን አያሌ ምእመናን ጠባቡን መንገድ ወጥተው በዓሉን ያከብሩበታል። በመካከለኛው ዘመን ግን አምባው ሌላም አገልግሎት ነበረው። የንጉሥ ዘር የሆኑ ወንዶች ልጆች ወደዚያ ወጥተው በዘበኛ ይጠበቁ ነበር፤ ዐላማውም በዙፋን ምክንያት በወንድማማቾች መካከል ጦርነት እንዳይነሣ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1434 ከግሸን ወርደው ነገሡ፤ ዐፄ ናዖድም በ1494 እንዲሁ ከአምባው መጥተው ዙፋን ያዙ። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ የልዑላኑ ጠባቂዎች ምን ያህል ጽኑዎች እንደ ነበሩ ጽፎልናል። በ1540 የኢማም አሕመድ ጦር አምባውን ሲይዝ ይህ ሥርዐት በዚያ ቦታ አበቃ።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ፉክክርን ለማብረድ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ተፎካካሪውን ከሜዳው ማውጣት ነው፤ ሁለተኛው ሰው ሁሉ እንዲገባ ፈቅዶ ለፉክክሩ ሰዓት፣ ወሰንና ዳኛ ማበጀት ነው። ግሸን የፊተኛው መንገድ ምስክር ነው። መንግሥቱ በዚህ መንገድ ለጊዜው ዕረፍት አግኝቶ ይሆናል፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን ምንም ሳይበድሉ ከሰው ተለይተው ያረጁት ልጆች ናቸው። ከዚህ ቀጥሎ የምንመለከታቸው ሁለቱ ጨዋታዎች የሁለተኛውን መንገድ የየራሳቸውን ክፍል ያሳዩናል።

ገና የሚጫወተው በታኅሣሥ መጨረሻ፣ የልደት በዓል ሲደርስ ነው። መሣሪያው ጫፉ የቈለመመ ዱላ ሲሆን ዱላውም እንደ ጨዋታው ገና ይባላል፤ የሚመታው ሩር ከእንጨት ወይም ከጠፍር የተሠራ ድቡልቡል ነገር ነው። ሁለት ወገን ሆነው፣ ብዙ ጊዜም መንደር ከመንደር ተለይተው፣ ሩሩን ወደ ባላጋራ ወሰን ለማድረስ ይታገላሉ። በልማድ የተጫዋቹ ቍጥር አይወሰንም፤ የሜዳውም ስፋት እንደ ቦታው ነው፤ ጨዋታው እስኪመሽ ሊቈይ ይችላል። ዋናው ነገር ግን በዚያን ቀን ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ መዋላቸው ነው። ሎሌ የጌታውን ቅልጥም ቢመታ፣ ያሸነፈውም ወገን የተሸነፈውን በዘፈን ቢሰድብ፣ በገና ቀን ጌታ አይቈጣም የሚለው አባባል ይጠብቀዋል። በዓመት አንድ ቀን ብቻም ቢሆን ይህ ታላቅ ነገር ነው።

ነገር ግን የገና በር ለሁሉ አልተከፈተም። ጌታንና ሎሌን ያገናኘው ሜዳ ሴቶችን በልማድ ከዳር አቁሞ ነበር። እኛም በተማርንበት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኳሱ ሜዳ የወንዶች ነበረ፤ እኅቶቻችን ከአጥሩ አጠገብ ቆመው ያጨበጭቡ ነበር። አስተማሪዎቻችን ክፉ ሰዎች ስለ ነበሩ አይደለም፤ ነገሩን የሚጠይቅ ሰው ስላልነበረ ነው። ከእኛም አንዱ እንኳ አልጠየቀም።

አሁን ወደ ስኮትላንድ እንሻገር፤ የሰባት ሰው ራግቢ የተወለደው እዚያ ነውና። ራግቢ እንቍላል በሚመስል ኳስ የሚደረግ ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ኳሱን በእጁ ይዞ ይሮጣል፤ ለጓደኛው በእጅ ሲያቀብል ግን ወደ ኋላ ወይም ወደ ጐን እንጂ ወደ ፊት መወርወር አይፈቀድለትም፤ ባላጋራው ይዞ ይጥለዋል፤ ኳሱን ከባላጋራው የመጨረሻ መሥመር አሳልፎ መሬት ያስነካ ነጥብ ያገኛል። የተለመደው ጨዋታ በየወገኑ 15 ሰዎች ሆነው 80 ደቂቃ የሚጫወቱት ነው።

በ1883 ሜልሮዝ በምትባል ትንሽ ከተማ ያለው የራግቢ ክበብ ገንዘብ አጠረው። ኔድ ሄግ የሚባል የልኳንዳ ሠራተኛ፣ ገንዘብ ለማግኘት ብዙ ቡድኖችን ጠርቶ በአንድ ከሰዓት በኋላ ማወዳደር ይሻላል ብሎ ዐሳብ አቀረበ። ነገር ግን 15 ሰው በየወገኑ ቢሰለፍ ውድድሩ በአንድ ቀን ሊያልቅ አይችልም። ስለዚህ ቍጥሩ ወደ 7 ዝቅ አለ፤ ሰዓቱም 15 ደቂቃ ብቻ ሆነ። ዛሬ ሰዓቱ 7 ደቂቃ ሁለት ጊዜ ነው፤ ሜዳው ግን እንደ ድሮው ሰፊ ሆኖ ቀርቷል። ከዚህ የተነሣ ጕልበት ብቻ ያለው ሰው ብዙ አይጠቅምም፤ ሩጫና ፈጥኖ ማሰብ ይፈለጋል።

በዚያ በመጀመሪያው ውድድር ሁለት ልብ የሚባሉ ነገሮች ተደርገዋል። የመጀመሪያው፣ በመጨረሻው ግጥሚያ ሜልሮዝና ጎረቤቱ ጋላ እኩል ስለ ሆኑ ተጨማሪ 15 ደቂቃ እንዲጫወቱ ተስማሙ፤ ሜልሮዝ ግን ሰዓቱ ሳያልቅ ነጥብ ሲያገኝ አሸንፌአለሁ ብሎ ከሜዳ ወጣ፤ ጋላም ተቃወመ። ክርክሩ የተነሣው ተጨማሪው ሰዓት በምን እንደሚያበቃ አስቀድሞ በግልጽ ስላልተደነገገ ነው። ሁለተኛው፣ ለአሸናፊው የተሰጠውን ዋንጫ ያበረከቱት የሜልሮዝ ሴቶች ነበሩ፤ ይሁን እንጂ ከእነርሱ አንዲት እንኳ አልተጫወተችም። ዋንጫውን ሰጥቶ ዳር መቆም የእኛ አገር ሴቶች ዕጣ ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ እናያለን።

ሴቶችን ከሜዳ የማራቁ ምክንያት ብዙ ጊዜ «ለእነርሱ ስለ ታሰበ» ተብሎ ይነገር ነበር። በ1928 በአምስተርዳም ኦሊምፒክ ሴቶች 800 ሜትር ሮጡ፤ ከሩጫው በኋላ ደክመው ታዩ ተብሎ በጋዜጣ ብዙ ስለ ተጮኸ ርቀቱ ለሴቶች ተከለከለ፤ የተመለሰውም በ1960 በሮም ነው። የደከመ ወንድ ጀግና ሲባል የደከመች ሴት የምትታዘንላት ሆነች። ከዚያ ወዲህ ያለውን ደግሞ የአገራችን ታሪክ ራሱ ይመልሳል። ኢትዮጵያ በ1956 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦሊምፒክ ስትሄድ ሯጮቿ ወንዶች ብቻ ነበሩ፤ በ1992 በባርሴሎና ደራርቱ ቱሉ 10,000 ሜትር ሮጣ ወርቅ ይዛ ተመለሰች። በ2004ም የሴቶች የእግር ኳስ ቡድናችን በደቡብ አፍሪካ በተደረገው የአፍሪካ ሻምፒዮና አራተኛ ወጣ።

በራግቢም እንዲሁ ሆነ። የሴቶች የዓለም ዋንጫ በዌልስ የተደረገው በ1991 ነው። በ2009 ዱባይ ላይ በተደረገው የሰባት ሰው የዓለም ዋንጫ ወንዶችና ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ባንድ ውድድር ተሰለፉ፤ በዚያው ዓመት ጨዋታው በኦሊምፒክ እንዲገባ ተወሰነ፤ በ2016 በሪዮ ዴ ጃኔይሮ ሲጀመርም የወንዶቹን ወርቅ ፊጂ፣ የሴቶቹን አውስትራሊያ ወሰደች። ጎረቤታችን ኬንያ ወንዶችንም ሴቶችንም ልካ ነበር። ኰሌጆችም ወደ ኋላ አልቀሩም፤ የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ውድድር በ2018 በአፍሪካ ምድር፣ በናሚቢያ፣ ለሁለቱም ወገን ተደርጓል። ከአንድ ሚሊዮን የማይበልጥ ሕዝብ ያላት ፊጂ በኦሊምፒክ ታላላቆቹን አገሮች ያሸነፈችው በሰባት ሰው ጨዋታ ነው፤ በ15 ሰው ጨዋታ የዓለምን ዋንጫ አግኝታ አታውቅም። የቍጥር ማነስ ለትንሹ ወገን የሚሰጠው ዕድል ከዚህ ይታያል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ሒሳቡን እንመልከት። ስምንት የወንዶችና ስምንት የሴቶች ቡድኖች በየወገኑ ሰባት ሰው ይዘው ቢመጡ ተሰላፊዎቹ 112 ናቸው። የተሸነፈ የሚወጣበት ውድድር ቢሆን ለወንዶቹ 7፣ ለሴቶቹ 7፣ በድምሩ 14 ግጥሚያ ይደረጋል። ለአንዱ ግጥሚያ ከነዕረፍቱ 20 ደቂቃ ብንመድብለት ሁሉም ከአምስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያልቃል። እንግዲህ የሚያስፈልገው አንድ ሜዳ፣ ጥቂት ዳኞችና አንድ ቀን ብቻ ነው። አምባሰል ሜዳው ጥቂት፣ ቍልቍለቱ ብዙ የሆነ አገር ነው፤ እንዲህ ላለው ቦታ አንድ ቀንና አንድ ሜዳ የሚበቃው ውድድር ትልቅ ጥቅም አለው። በደሴና በኮምቦልቻ ግቢዎች ያሉት የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ወንዱንና ሴቱን አስተካክለው ሊያሰልፉ ይችላሉ።

የግድ ራግቢ ይሁን አንልም። ዐሳባችን የሜልሮዝን ብልሃት ለገና እንድንዋስ ነው፤ ይኸውም ሰባት ለሰባት የሚደረግ፣ ሰዓቱ አጭር፣ ሕጉ አስቀድሞ የተጻፈ፣ ለወንዶችም ለሴቶችም እኩል ቀን የተመደበለት የኰሌጆች የገና ውድድር ነው። ገናን በተወሰነ ሜዳና ቍጥር ማጫወት በአገር ባህል ስፖርት ውድድሮች የተጀመረ ነገር ስለ ሆነ እንግዳ ሥራ አይሆንም።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። አንደኛው፣ ተጫዋች ተመርጦ ከተሰለፈ ጌታንና ሎሌን ያገናኘው የገና ነጻነት ይጠፋል የሚለው ነው። ይህ ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ ሰባት ሰው ሲመረጥ ስምንተኛው ይቀራልና። ስለዚህ የመንደሩ ገና በልደት ቀን እንደ ልማዱ ያለ ቍጥር ይደረግ፤ የኰሌጁ ውድድር ደግሞ በሌላ ቀን ይሁን፤ አንዱ ሌላውን አይተካ። ሁለተኛው፣ ጨዋታው ኀይለኛ ስለ ሆነ ለሴት አይገባም የሚለው ነው። ለዚህ መልሱ ከ1928 ወዲህ ያለው ታሪክ ነው። ዱላው የሚያሰጋ ከሆነ ለወንዱም ያሰጋል፤ ስለዚህ ከጉልበት በላይ ዱላ ማንሣትን የሚከለክል ሕግ ለሁለቱም ይጻፍ። ሥጋትን በሕግ ማራቅ ሲቻል ሰውን ማራቅ አይገባም።

የግሸን ልዑላን ለሰላም ሲባል ከሰው ተለዩ፤ እኅቶቻችንም ለደኅንነታቸው ሲባል ከሜዳ ተለዩ። የሁለቱ መከራ እኩል ነው አንልም፤ የተሰጠው ምክንያት ግን አንድ ዐይነት ነው። በገና ያረጁ አባቶች ገና በሕይወት ሳሉ የየመንደራቸውን ሕግ፣ የሩሩን አሠራርና የወሰኑን ልክ ጠይቆ መጻፍ የእኛ የተማሪዎች ሥራ ነው፤ እናቶችንም ከዳር ቆመው ያዩትን መጠየቅ እንዲሁ። በሚመጣው የዕረፍት ጊዜ ወደ አምባሰልና ወደ ሌላውም አውራጃ የሚሄዱ ጓደኞቻችን ይህን ሥራ ከእኛ ጋር እንዲካፈሉ በትሕትና እንለምናለን።