የድሬዳዋ ምድር ባቡር ጣቢያ፦ አመሠራረቱና አገልግሎቱ

ከተሞቻችን የተቆረቆሩባቸው ምክንያቶች ልዩ ልዩ ናቸው። አንዳንዱ ከቤተ መንግሥት፣ አንዳንዱ ከገበያ፣ ሌላው ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ዙሪያ ተነሥቶ አድጓል። ድሬዳዋ ግን ከምድር ባቡር ጣቢያ የተወለደች ከተማ ናት። ስለሆነም የጣቢያውን ታሪክ መመርመር፣ የመጓጓዣ አገልግሎት ከተማን እንዴት እንደሚያቋቁምና አገልግሎቱ ሲለወጥ ከተማው ምን እንደሚገጥመው ለመረዳት ይረዳል።

ዳግማዊ ምኒልክ የባቡር መንገድ የመሥራት ፈቃድ ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። የመጀመሪያው ዓላማ ሐዲዱን ከጅቡቲ አንሥቶ ሐረር ማድረስ ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ይሁን እንጂ ሐረር በከፍተኛ ተራራ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ ሐዲዱን ወደዚያ ማውጣት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ ተገኘ። በዚህ ምክንያት መሥመሩ ከተራራው ግርጌ፣ በቆላው እንዲያልፍ ተወሰነ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ዛሬ ድሬዳዋ ከምትባለው ስፍራ ደረሰ። አዲሱ ሠፈር በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» መባሉ፣ የነባሯን ከተማ የንግድ ተግባር እንዲረከብ ታስቦ እንደነበር ያመለክታል።

ሥራው በዚህ ስፍራ ለዓመታት ቆመ። ኩባንያው ገንዘብ አጠረው፤ የፈረንሳይ መንግሥት በ1894 ዓ.ም. በገንዘብ ረድቶ በመሥመሩ ላይ ሥልጣን ለማግኘት መሞከሩም ምኒልክን አስቆጣ። በ1900 ዓ.ም. አዲስ ፈቃድ ተሰጥቶ ሌላ ኩባንያ ከተቋቋመ በኋላ ሥራው ቀጠለ፤ ሐዲዱም አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። የመሥመሩ ጠቅላላ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ሆነ።

ለድሬዳዋ ዕድገት ዋና ምክንያት የሆነው ይኸው የሥራው መቆም ነው። ባቡሩ ከዚያ በላይ ስለማይሄድ፣ ከባሕር የመጣው ሸቀጥ በፉርጎ ደርሶ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋው ይጫን ነበር፤ ቡናና ቆዳም በዚያው መንገድ ወርዶ በጣቢያው ይራገፍ ነበር። በመሆኑም ነጋዴው፣ ሲራራው፣ የጉምሩክ ሠራተኛውና የጭነት ሠራተኛው በአንድ ስፍራ ተሰበሰቡ። ከደቻቱ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ሁለት ሠፈሮች ተቋቋሙ፦ በፕላን የተሠራው፣ ጣቢያው የሚገኝበት ከዚራ እና የገበያው ሠፈር መጋላ ናቸው።

መሥመሩ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላም የጣቢያው አስፈላጊነት አልቀነሰም። ባቡሩ በመጀመሪያው ዘመን የሚጓዘው በቀን ብቻ ስለነበር ከጅቡቲ የተነሣ መንገደኛ የመጀመሪያውን ሌሊት በድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን በአዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባ ነበር። ይህ የጉዞ ሰሌዳ ለሆቴሉ፣ ለምግብ ቤቱና ለጋሪ ነጂው የዕለት ገቢ ሰጣቸው። ከዚህም ሌላ የመሥመሩ ዋና የጥገና ፋብሪካ የተቋቋመው በዚሁ ከተማ ነው። በቶርኖ፣ በብረት ማቅለጥና በብየዳ ሥራ የሠለጠኑ ሠራተኞች ሙያቸውን ያገኙት በአብዛኛው በሥራ ላይ፣ ከነባር ሠራተኞች ነበር። ስለዚህ ፋብሪካው የቴክኒክ ትምህርት ቤትም ነበር ለማለት ይቻላል።

አገልግሎቱ ግን ልዩ ልዩ እንቅፋት ገጥሞታል። የአሰብ ወደብና የመኪና መንገድ መስፋፋት ከጭነቱ ድርሻ ወሰደ። በ1969 ዓ.ም. ክረምት በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ድልድዮች ተሰብረው መሥመሩ ተቋረጠ። በጥር 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አቅራቢያ የመንገደኛ ባቡር በመታጠፊያ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ቀርቶ ገደል በመግባቱ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሐዲዱና ፉርጎዎቹ እያረጁ ሄዱ፤ በ2000 ዓ.ም. ገደማም ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የነበረው ጉዞ ቆመ።

በመስከረም 2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መሥመር ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎቱም በ2010 ዓ.ም. ተጀመረ። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ሲሆን የአዲሱ 1.435 ሜትር ነው። ከዚህ የ43.5 ሳንቲ ሜትር ልዩነት የተነሣ የቀድሞዎቹ ፉርጎዎች በአዲሱ ሐዲድ ላይ ሊሄዱ አይችሉም። አዲሱ ጣቢያም ከከተማው እምብርት ወጣ ብሎ ተሠርቷል። ስለዚህ ባቡሩ ወደ ድሬዳዋ ተመልሷል፤ በአሮጌው ጣቢያ ደጃፍ ግን አያልፍም።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮችን መገንዘብ ይቻላል። አንደኛ፣ የከተማ ዕድገት የሚወሰነው ሐዲድ በማለፉ ብቻ ሳይሆን፣ ባቡሩ በዚያ ቆሞ በሚሰጠው ሥራ ጭምር ነው። ድሬዳዋን ያበለጸጓት ማራገፊያው፣ ማደሪያውና የጥገናው ፋብሪካ ናቸው። አዲስ ጣቢያ የሚያቅድ ባለሙያ እነዚህ ተግባሮች ከከተማው ጋር የሚገናኙበትን መንገድ አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል። ሁለተኛ፣ የአሮጌው ፋብሪካ መሣሪያዎችና የነባር ሠራተኞች ትዝታ ለትምህርት የሚውሉ ቅርሶች ናቸው። የታሪክ መምህር ስለ ውል፣ የጂኦግራፊ መምህር ስለ መልክዐ ምድር፣ የሙያ መምህር ስለ ብረት ሥራ በአንድ ጣቢያ ሊያስተምሩ ይችላሉ። መሣሪያው ተጠብቆ ሊቆይ ይችል ይሆናል፤ አሠራሩን የሚያውቀው ሠራተኛ ግን በዕድሜ ብዛት ያልፋል። ስለዚህ ተማሪዎች የእነዚህን አረጋውያን ቃል እንዲመዘግቡ ማድረግ፣ ነገ ሊካስ የማይችል የዛሬ ሥራ ነው።