«ሰለባ» የሚለው ቃል ከየት መጣ?

«የጥቃቱ ሰለባዎች ቁጥር ጨምሯል።» ዜና የሚከታተል ሁሉ ይህን ዓረፍተ ነገር ለምዶታል። የአደጋ ሰለባ፣ የረሃብ ሰለባ፣ የጦርነት ሰለባ ይባላል። የቃሉ ታሪክ ግን ለጆሮ ይከብዳል።

በግዕዝ «ሰለበ» ማለት ገፈፈ፣ ቀማ ማለት ነው። በዐረብኛም ይኸው ሥር ከተገደለ ጠላት ላይ የሚገፈፈውን ልብስና መሣሪያ ይጠራበታል። በአማርኛ ግን ቃሉ ወደ አካል ዞረ፤ የወንድን ብልት መቁረጥ ሆነ። «ሰለባ» ደግሞ ተዋጊው መግደሉን ለማስመስከር ቆርጦ የሚያመጣው ግዳይ ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. በራስ ሚካኤል ስሑል ዘመን ከተደረገው የሰርባኩሳ ጦርነት ጋር በተያያዘ ይህን ልማድ ጽፎታል።

የመቀማት ትርጉሙም አልጠፋም። እህሉን ከጎተራ፣ ቅቤውን ከቅል በማይታይ መንገድ ይወስዳል ተብሎ የሚፈራው «ሰላቢ» የዚሁ ቃል ዘመድ ነው።

እንግዲህ ሰለባ በመነሻው የገዳዩ ንብረት ነበር። ፉከራውም ሹመቱም የገዳዩ ነው፤ የሟቹን ስም የሚጠይቅ የለም።

«ቃል ትርጉሙን ይለውጣል፤ ዛሬ ሰለባ ሲባል ጩቤ የሚታየው ማን ነው?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ሆኖም አንድ ነገር አብሮ ቀርቷል። «የረሃብ ሰለባ» ሲባል እህሉ ለምን በጊዜው እንዳልደረሰ የሚጠይቅ የለም። «የግጭት ሰለባ» ሲባልም የተኮሰው ሰው ከዓረፍተ ነገሩ ይወጣል።

አማርኛ ሌላ ቃል አላጣም። ፍርድ ቤት «የግል ተበዳይ» ይላል፤ ተበዳይ ካለ በዳይ አለ፣ ካሳም አለ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች የተጨፈጨፉትም ሆኑ በቀይ ሽብር የተገደሉት መታሰቢያ ሲቆምላቸው «ሰማዕታት» ተብለዋል። የቃሉ ሥር ምስክርነት ነው።

በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ስለ እውነት ማፈላለግ፣ ስለ ተጠያቂነትና ስለ ካሳ ያወራል። እነዚህ ሁሉ የሚጀምሩት ከአንድ ጥያቄ ነው፦ ማን በደላቸው? ሰለባ እየተባሉ የሚቆጠሩት ሰዎች ከቁጥሩ ቀጥሎ ይህ ጥያቄ እንዲነሳላቸው ይገባል።