የበዓል ገበታ ከሜሪላንድ ማሳ

በሜሪላንድ የምንኖር የደቡብ ጎንደር ልጆች ለብዙ ዘመን በዓል የምናከብረው ከፍሪጅ በወጣ ዕቃ ነበር። ዶሮው በረዶ የሠራ፣ ጎመኑ ተከትፎ በላስቲክ የታሸገ። ገበታው ይሞላል፣ እንግዳውም ጠግቦ ይሄዳል። የጎደለው ወቅት ነበር። አገር ቤት የትኛው በዓል እንደ ደረሰ ማሳውን አይቶ መናገር ይቻላል፤ እዚህ ግን ገናውም ፋሲካውም የሚነሣው ከአንድ መደርደሪያ ነው። ይህን የለወጠው ከከተማ ወጥቶ ከገበሬ እጅ መግዛት መጀመራችን ነው። ዛሬ በማውቃቸው ቤቶች ለቡሄና ለፋሲካ እርሻ ሳይሄድ የሚውል ጥቂት ነው።

ያደግሁት ከአዲስ ዘመን በላይ፣ በጣራ ገዳም ሥር ነው። ከታች የሊቦ ከምከምና የፎገራ ሜዳ ወደ ጣና ይዘረጋል፤ ጤፍ፣ ሽምብራ፣ ዳጉሳ፣ ከቅርብ ዘመን ወዲህ ደግሞ ሩዝ ይበቅልበታል። ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ጉና ሲወጣ አገሩ የገብስና የድንች ነው። በዓሉም ይህንኑ ተከትሎ ይሄዳል። ነሐሴ 13 የሚውለው ቡሄ፣ የቤተ ክርስቲያን ስሙ ደብረ ታቦር የሆነው፣ የሚመጣው በፍልሰታ ጾም መካከልና ጎተራው በሚራቆትበት ወር ነው። ሙልሙሉ የሚጋገረው ከዓመቱ እህል ከተረፈው ተፈጭቶ ነው። ስለዚህ ጅራፍ እያጮኹ፣ ሆያ ሆዬ እያሉ ደጅ ለሚመጡ ልጆች ሙልሙል መስጠት ከጎደለ ላይ መስጠት ነበር። መስከረም ሲጠባ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» የሚባለውም ያ ወር ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ስለሚታወቅ ነው።

ሜሪላንድ ላይ ነሐሴ ተገልብጦ ነው የጠበቀን። የእርሻው ጥጋብ በዚህ ወር ነው፤ በቆሎው፣ ቲማቲሙ፣ ቃሪያው፣ ፎሶልያው፣ አዲሱ ድንች በአንድ ላይ ይደርሳል። ለጾም በዓል ከዚህ የሚበልጥ ምን ይገኛል? በእኔ ግምት በውጭ አገር ከበዓሎቻችን ሁሉ ከመሬቱ ጋር በደንብ የተዋወቀው ቡሄ ነው።

ከሁሉ በፊት መንገዱን ያሳየን ግን ጤፍ ነው። ቀድመው አሜሪካ የገቡት ወገኖቻችን እንጀራ የሚጋግሩት ከስንዴና ከበቆሎ ዱቄት እየደባለቁ፣ መልኩን ብቻ አስመስለው ነበር። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርቶ የተመለሰ ዌይን ካርልሰን የሚባል አሜሪካዊ አይዳሆ ውስጥ በስኔክ ወንዝ አካባቢ ጤፍ መዝራት ጀመረና ዱቄቱ «ማስካል ጤፍ» በሚል ስም ወደ ቤታችን ገባ። በ2006 (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያ ያልተጋገረ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ስትከለክል እዚህ ያለው ሰው እንጀራ አላጣም። በአውሮፕላን የሚመጣ ነገር ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይቀራል፤ እዚሁ የተዘራ ግን ይቆያል። የቀረውንም ምግባችንን በዚህ ዓይን ማየት የጀመርነው ከዚያ በኋላ ነው።

በቆሎው ቀላል አልነበረም። የአሜሪካ ገበሬ በነሐሴ የሚሸጠው ጣፋጩን ዘር ነው፤ ገና ወተት ሳለ፣ ስኳሩ ወደ ስታርች ሳይለወጥ ይቀነጠባል። እኛ የምንፈልገው የበሰለውን፣ ከሰል ላይ ሲጠበስ የሚፈነዳውን፣ ጥርስ የሚይዘውን እሸት ነው። አንድ ዓመት ከእብናት የመጡ እናት አብረውን እርሻ ወረዱ። ሽፋኑን ገለጥ አድርገው አንዷን ፍሬ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ወጋ አደረጓት፤ ነጭ ውኃ ፊታቸው ላይ ተረጨ። «ይኸ ገና ውኃ ነው ልጄ። ሁለት ሳምንት ይቆየው በለው» አሉኝ። ለገበሬው ነገርኩት። ሁለት ሳምንት ከቆየ ለከብት መኖ ነው የሚሆነው አለኝ። እሳቸው ትርጉሙን ሰምተው አልተመለሱም፤ «ለከብት ያለውን እኛ በዋጋው እንገዛዋለን በለው» አሉ። ሰውዬው ጥቂት መደዳ ትቶልን ተመልሰን ስንሄድ ፍሬውን እንደገና ወጉት። አሁን ጥፍሩ ገባ እንጂ የፈሰሰ የለም፤ ውስጡ እንደ ሊጥ ጠጥሯል። ከዚያ ወዲህ ገበሬው ራሱ ለእኛ የሚሆነውን አስቀድሞና ለይቶ ይዘራል፤ ጣፋጩን ሳይሆን ተራውን የእህል በቆሎ፣ ለቡሄ እንዲደርስ ቀን ቆጥሮ።

ሙልሙሉን የምንጋግረው በዋዜማው ነው። ዱቄቱ ስንዴ፣ እርሾው ከቤት፣ ጥቁር አዝሙድ ጣል ይደረግበታል፤ ጾም ስለሆነ ወተትም ቅቤም አይነካውም። ኮባ እዚህ የለም። የእስያና የላቲን አሜሪካ ሰዎች ሱቅ የሚሸጠው የሙዝ ቅጠል ግን ሥራውን ይሠራል፤ ከታች ተነጥፎ ሙቀት ሲያገኝ ሽታው ሊጡ ውስጥ ይገባል። እነዚያ ሱቆች ሌላም ውለታ ውለውልናል፤ በጸደይ እሸት ሽምብራ ከነቆቡ ያመጣሉ። አገር ቤት በታኅሣሥ ከማሳ ነቅለን የምንበላውን እዚህ በዐቢይ ጾም እንበላዋለን።

ስለ ጎመን አንድ ነገር ልበል። ሁላችንም እዚህ የለመድነው ኮላርድ የሚባለውን ነው፤ ቅጠሉ ወፍራም ስለሆነ ረጅም እሳት ይፈልጋል። የአበሻ ጎመን ግን ሌላ ተክል ነው፤ ሳይንሱ ብራሲካ ካሪናታ ይለዋል። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ይዘራል፤ የሚዘራው ግን ለዘይቱ፣ ዘይቱም ለአውሮፕላን ነዳጅ ነው። በ2012 (እ.ኤ.አ.) ካናዳ ውስጥ ከዚሁ ተክል በተሠራ ነዳጅ ብቻ ጄት በርሯል። የእናቶቻችን ጓሮ ተክል ሰማይ ከወጣ፣ አንድ መደብ ለቅጠሉ እንዲዘሩልን ገበሬዎችን መጠየቅ አይከብድም። የሚስማሙም ይገኛሉ።

ለፋሲካ የምንወርደው ዶሮ ፍለጋ ነው። ሱፐርማርኬት የሚሸጠው ዶሮ በ6 ወይም በ7 ሳምንቱ የሚታረድ ነው፤ ቁሌቱ ሳይበስል ሥጋው ይፈርስና 12 ብልት የሚባል ነገር አይተርፍም። እንቁላል መጣል ያቆመች አሮጌ ዶሮ ግን ስቧ ቢጫ፣ ሥጋዋ ጠንካራ ነው፤ ሁለትና ሦስት ሰዓት እሳት ላይ ብትቆይ ብልቷ አይለቅም፣ መረቋም ወጡን ያከብደዋል። ገበሬው ገዢ የማያገኝላትን ይህችን ዶሮ ነው እኛ በጉጉት የምንጠብቀው። ሁለተኛው ምክንያት እምነት ነው፤ ጾሙን 55 ቀን የጾመ ሰው በስመ ሥላሴ ተባርኮ የታረደ ሥጋ ይፈልጋል፣ እርሻ ላይ ራሱ ያርዳል። በሬ ገዝተው ቅርጫ የሚካፈሉም አሉ፤ ሕጉ ለራስ ቤተሰብ ማረድን ይፈቅዳል፣ ሥጋውን መሸጥን አይፈቅድም።

ዓመቱን ሙሉ የሚደረገው ግን የእሑዱ ገበታ ነው። ቅዳሴ የሚያልቀው ረፋድ ላይ ስለሆነ የምንበላው ቁርስም ምሳም ነው፤ አሜሪካኖች ብራንች የሚሉት ሰዓት። በፍስክ ወቅት ጨጨብሳ፣ የገብስ ቂንጬ፣ ከእርሻው በመጣ ወተት ቤት የወጣ አይብ ከጎመን ጋር ይቀርባል። ልጆቻችን አይብ ከወተት ሲለይ ያዩት እዚህ ገበታ ላይ ነው፤ ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ቅመሙ በየቤቱ ነው። በሶብላ በበጋ መሬት ላይ ይይዛል፤ ኮሰረትና ጌሾ በማሰሮ ተተክለው ውርጭ ሳይመጣ ወደ ቤት ይገባሉ፤ ጤና አዳም ቅዝቃዜውን ከእነርሱ ይልቅ ይችላል። ዘር ከአገር ቤት በሻንጣ አታምጡ፤ የጤና ማረጋገጫ የሌለው ዘር ጉምሩክ ላይ ይወሰዳል። እዚሁ ካሉት ወገኖች ጓሮ ተቀበሉ፣ ለሌላውም አካፍሉ።

በቅርባችሁ እርሻ ካለ ዘሩን ሳያዝ ገበሬውን አነጋግሩት። ለቡሄ ምን ያህል መደዳ በቆሎ እንደምትፈልጉ፣ ለፋሲካ ስንት አሮጌ ዶሮ እንደምትወስዱ ንገሩት፣ ቃላችሁንም ጠብቁ። ነሐሴ ላይ ሄዳችሁ ብትጠይቁት የሚሸጥላችሁ ለሌላ ሰው የዘራውን ነው።