ቤትና ጸሎት ቤት በቤተ እስራኤል ዘንድ



በመቱ፣ በጎሬና በበደሌ ለምትኖሩ የቤተ ክርስቲያን ደወልና የመስጊድ አዛን የዘወትር ድምፅ ናቸው። የአይሁድን ማኅበር ጸሎት በአገራችን ለማወቅ የሚሻ ሰው ግን አሳቡን ወደ ጎንደር፣ ወደ ስሜንና ወደ ወልቃይት መመለስ ይገባዋል። በዚያ አገር ቤተ እስራኤል የተባሉት ወገኖቻችን ለብዙ መቶ ዓመታት በኦሪት ሕግ ኖረዋል። ጎረቤቶቻቸው «ፈላሻ» ይሏቸው ነበር፤ እነርሱ ግን ይህን ስም እንደ ስድብ ስለሚቈጥሩት እኛም አንጠራቸውበትም። የዛሬው ጥያቄያችን፣ ርስት ያጣ ሕዝብ ሃይማኖቱን በምን ጠብቆ አቈየው? የሚል ነው።

በ15ኛው መቶ ዓመት አፄ ይስሐቅ ከድል በኋላ የክርስትናን ጥምቀት ያልተቀበለ ሁሉ ከአባቱ ርስት እንዲነቀል እንዳዘዙ ይተረካል። ከዚያ ወዲህ ብዙው ቤተ እስራኤል የሰው መሬት እያረሰ፣ ወንዱ ብረት እየቀጠቀጠና ሸማ እየሠራ፣ ሴቲቱ ሸክላ እየሠራች ኖረ። የጎንደርን ግንብ ካነጹት መካከልም ግንበኞቻቸው ነበሩ። ጎረቤት ግን ማረሻውንና እንስራውን እየገዛ፣ ሠሪውን «ቡዳ» እያለ ይርቀው ነበር። እንዲህ ባለ ኑሮ ውስጥ ለማኅበሩ ሁለት ነገሮች ቀሩለት፤ ጸሎት ቤቱና የየራሱ ጎጆ።

ጸሎት ቤቱ «መስጊድ» ተብሎም ይጠራ ነበር። በውስጡ በብራና የተጻፈ የግዕዝ ኦሪት በክብር ይቀመጣል። ጸሎቱን የሚመሩት ቄሶች ናቸው፤ በግዕዝ ያዜማሉ፣ በመካከሉም የአገው ቃላት ይሰማሉ። የተነበበውንም ሕዝቡ እንዲያስተውለው ቄሱ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይተረጕሙታል። የጸሎቱን ሥርዐትና ምንኵስናን ያጸኑት በዚያው በ15ኛው መቶ ዓመት የነበሩት አባ ሳብራ እንደ ሆኑ የማኅበሩ ትውፊት ይናገራል።

ነገር ግን አምልኮው የሚጀምረው ከጸሎት ቤት ሳይሆን ከማጀት ነው። ዐርብ ዕለት እናት ለሰንበት የሚበላውን ሁሉ ቀድማ ታዘጋጃለች፤ ቤተሰቡ ወንዝ ወርዶ ገላውን ይታጠባል፣ ንጹሕ ልብስ ይለብሳል። ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱ ይጠፋል፤ እስከ ቅዳሜ ማታም አይጫርም። በነጋው ሴቶች የጋገሩትን ዳቦ ይዘው ወደ ጸሎት ቤት ይሄዳሉ፤ ቄሱ ባርከው ለሁሉ ያካፍላሉ። እንግዲህ የእናት ድካም ከጸሎቱ ጋር የተያያዘ እንጂ ከጸሎቱ ውጭ የቀረ አልነበረም። «ትእዛዘ ሰንበት» በተባለው መጽሐፋቸውም ሰንበት ራስዋ በሴት አምሳል ተመስላ ትከብራለች። ቅዳሜን ማክበር ለክርስቲያኑ አንባቢም እንግዳ ነገር አይደለም፤ በ1442 ዓ.ም. በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ አጽንቶታል።

ልደትና ጋብቻም እንደዚሁ በሕግ የታጠሩ ነበሩ። ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን ይገረዛል። የወለደች ሴት ለወንድ 40፣ ለሴት ልጅ 80 ቀን ተለይታ ከቆየች በኋላ ታጥባ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሊጋቡ የታሰቡ ልጆች ሲኖሩ ሽማግሌዎች ሰባት ትውልድ ቈጥረው ዝምድና አለመኖሩን ያረጋግጣሉ። ሕፃኑ ፊደል ሳይቈጥር ሕጉን ያወቀው ይህን ሁሉ እያየ ነው።

የማኅበሩ ታላቅ ቀን ስግድ ነው። ከአስተስርዮ በዓል 50 ቀን በኋላ፣ በኅዳር ወር አካባቢ ይውላል። ሕዝቡ ጾሞ ወደ ተራራ ይወጣል፤ ቄሶች ኦሪትን በጥላ አጅበው ይይዛሉ፤ ሕዝቡም ለትሕትና ምልክት ድንጋይ ይሸከማል። የሲና ቃል ኪዳንና የነህምያ ንስሓ ይነበባል፤ ወደ ኢየሩሳሌም ለመመለስ ይጸለያል። ሲወርዱም ቤተሰብ ከቤተሰብ ጋር ማዕድ ይቈርሳል፣ ይዘፍናል።

ይህ ጸሎት ብዙ ዋጋ አስከፍሏል። በ1854 ዓ.ም. ገደማ አባ ማኅሪ የተባሉ መነኵሴ ብዙ ሕዝብ አስከትለው ወደ ቀይ ባሕር ተነሡ፤ ብዙዎቹ ትግራይ ላይ በረኃብና በበሽታ አለቁ። ከ120 ዓመት በኋላ፣ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ዘመን፣ ከወሎና ከትግራይ ብዙ ቤተሰቦች በሰፈራ ወደ ኢሉባቦር ሲወሰዱ፣ ቤተ እስራኤል ደግሞ በእግራቸው ወደ ሱዳን ይጓዙ ነበር። በመንገድና በመጠለያ 4,000 ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ይገመታል። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ከ6,000 በላይ ከሱዳን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ ከ14,000 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ተጓዙ።

በደረሱበት አገር ግን ሌላ ፈተና ቈየቻቸው። አለቃው ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1965 ዓ.ም. የእስራኤል ወገን መሆናቸውን ቢመሰክሩም፣ የአገሩ የሃይማኖት ሹማምንት አይሁድነታቸው ፍጹም እንዲሆን ጥምቀት መሰል ሥርዐት ጠየቋቸው፤ ቄሶቻቸውም የማጋባት ሥልጣን ተነፈጋቸው። በ1978 ዓ.ም. ሕዝቡ በአደባባይ ወጥቶ ተቃወመ። ግዕዙን የሚሰማ ልጅ አነሰ፤ በዐርብ ማታ እሳት ታጠፋ የነበረችው እናትም በአዲሱ ልማድ ሻማ አብሪ ተባለች። ስግድ ግን አልጠፋም፤ በ2000 ዓ.ም. የእስራኤል ምክር ቤት በሕግ የአገር በዓል አደረገው።

ስግድ ስለ ምን ጸና? ቄሱ ብቻቸውን የሚያከብሩት ሳይሆን አያት፣ እናትና ሕፃን አብረው የሚወጡበት በዓል ስለ ሆነ ነው። የመቱና የጎሬ አንባቢም ይህን በአካባቢው ሊመረምረው ይችላል፤ ወደ ኢሉባቦር የመጣው ሰፋሪ ቤተ ክርስቲያኑን ወይም መስጊዱን በጀርባው አላዘለም፤ የጾሙንና የበዓሉን ቀን ግን ከቤተሰቡ ጋር ይዞ መጥቷል። ርስት ይነጠቃል፣ ጸሎት ቤትም ባዶውን ይቀራል፤ በቤት ውስጥ የሚሠራ ሥርዐት ግን ባለቤቶቹ እስካሉ ድረስ ከእነርሱ ጋር ይጓዛል።