ሪያሉ ያው ነው፣ ብሩ ግን ለምን ይለዋወጣል?

ሳዑዲ ያላችሁ እህቶች፣ አንድ ዶላር እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ 3.75 ሪያል ነው። የኤምሬትስ ድርሃምም በ3.6725 ከቆመ ከ25 ዓመት በላይ ሆኖታል። ይህ አንዱ የገንዘብ ፖሊሲ ደንብ ነው፦ ማዕከላዊ ባንኩ ዋጋውን አስቀድሞ ቃል ይገባል፤ ቃሉን ለመጠበቅ ዶላር በመጠባበቂያ ይይዛል፣ ወለዱንም የአሜሪካን ተከትሎ ከፍና ዝቅ ያደርጋል።

ቃሉ የሚጸናው ግን ዶላሩ እስካለ ድረስ ነው። ሊባኖስ ውስጥ አንድ ዶላር ከ20 ዓመት በላይ 1,507 ሊራ ነበር። ከ2019 ወዲህ ዶላር ሲጠፋ፣ በ2023 ጥቁር ገበያ ላይ ከ80,000 ሊራ አለፈ። በዶላር ተዋውለው በሊራ የተከፈላቸው ብዙ ናቸው። ቤሩት በሚገኘው ቆንስላችን በር ላይ አሠሪዎች እህቶቻችንን ጥለው የሄዱትም ያኔ ነው። ስለዚህ ኮንትራታችሁ ላይ ደሞዙ በየትኛው ገንዘብ እንደሚከፈል በግልጽ ይጻፍ።

ወደ አገራችን እንምጣ። መንግሥት ገንዘብ ሲያጥረው ለዓመታት ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ይበደር ነበር። አዲስ ብር ገበያ ይገባል፣ ጤፉና ዘይቱ ግን ያው ነው፤ ዋጋ ይወጣል። (ጦርነቱና ድርቁም አባብሰውታል።) በ2014 ዓ.ም. ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ባንኩ በነሐሴ 2015 ይህን ብድርና የባንኮችን ብድር ገደበ። በሐምሌ 2016 ደግሞ 15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ አወጣ፤ ወለድ ሲወደድ ተበዳሪ ይቀንሳል፣ አዲስ የሚፈጠረው ብርም ያንሳል።

በዚያው ወር ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀና ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። 1,000 ሪያል (266 ዶላር ገደማ) በፊት ወደ 15,200 ብር ነበር፣ በኋላ ከ26,600 በላይ ሆነ። ቤተሰብ "ብሩ እኮ ጨምሯል" ሊላችሁ ይችላል። እናንተ ግን "የወሩን አስቤዛ ሸፈነ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ከውጭ የሚገባው ዘይትና መድኃኒት በዶላር ነው የሚገዛው።

ቁጠባም እንዲሁ ነው። በ7 በመቶ ወለድ 100,000 ብር ያስቀመጠች በዓመቱ 107,000 ታገኛለች። ግሽበቱ 30 በመቶ ከሆነ ግን በ100,000 ይገዛ የነበረው ዕቃ 130,000 ገብቷል። ለወሩ ወጪ የሚሆነውን ላኩ፤ ለመመለሻ የምታስቀምጡትን ግን ሁሉንም ወደ ብር ከመቀየራችሁ በፊት፣ ውጭ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሚከፈተውን የውጭ ምንዛሪ አካውንት ባንካችሁን ጠይቁ። አካውንቱ በራሳችሁ ስም ይሁን።