ዓሣ አጥማጁ በየትኛው ፊደል ይመደብ?

«የአካባቢው ሠዓሊ» የሚባለው ማነው? እዚያው የተወለደው? መጥቶ የሰፈረው? ወይስ የሚስለውን ሕይወት ራሱ የኖረው? ክርክሩ ሁልጊዜ በአየር ላይ ስለሚቀርብን፣ ለዛሬ አንዲት የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ ይዘን መጥተናል። ሴንት አይቭስ ትባላለች፤ ኮርንዎል በሚባለው የደቡብ ምዕራብ ጫፍ ትገኛለች። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከተማይቱ ሰርዲን እያጠመደች፣ በጨው እያሸች፣ በበርሜል ወደ ውጭ እየላከች የኖረች ናት። በ1877 ባቡር ገባላት። ዓሣው እየራቀ ሲሄድ ሠዓሊው እየቀረበ መጣ፤ መረብ ይጠገንባቸው የነበሩ ሰገነቶችም የሥዕል ክፍሎች ሆኑ። በ1927 ሠዓሊዎቹ ማኅበር አቋቋሙ። አጥማጁ ግን ለብዙዎቹ የሚሳል እንጂ የሚስል ሰው አልነበረም።

አልፍሬድ ዋሊስ የመጣው በዚህ መሐል ነው። በ1855 የተወለደ፣ በወጣትነቱ ባሕር ላይ የሠራ፣ ኋላም ከመርከብ የወለቀ ብረት፣ አሮጌ ሸራና ገመድ እየገዛ የሚሸጥ፣ በእኛ አባባል ቁራሌው ነበር። ሚስቱ በ1922 ሞተችበት። ብቸኝነቱን ለመርሳት ሰባ ዓመት ገደማ ሲሞላው ሥዕል ጀመረ። ሸራ የለው፣ ቡሩሽ የሚመርጥ አይደል፤ ባለሱቁ በሚሰጠው የካርቶን ቅዳጅ ላይ በመርከብ ቀለም ይስላል። ካርቶኑ ጠማማ ከሆነ ሥዕሉም ጠማማ ነው። መርከቢቱ ከቤቶቹ ትበልጣለች፤ ለእሱ ትልቁ ነገር እሷ ናታ! ይህን «አላዋቂነት» የሚሉ አሉ። እኛ አንስማማም፤ ማዕበል የት ጋ መርከብን እንደሚመታ የሚያውቅ ሰው እጅ ነው።

በ1928 ቤን ኒኮልሰንና ክሪስቶፈር ዉድ የተባሉ ወጣት ሠዓሊዎች ባክ ሮድ ዌስት በሚባለው መንገድ ሲያልፉ፣ በተከፈተው በር ግድግዳ ላይ የተመቱትን ሥዕሎች አዩ። እነሱም ወዳጆቻቸውም በጥቂት ሽልንግ መግዛት ጀመሩ። ሌላውን እንተወውና፣ ዓይናቸው ሊመሰገን ይገባል። ዋሊስ ግን በ1942 የሞተው በድኾች መጦሪያ ውስጥ ነው።

ጦርነቱ ሲጀመር በ1939 ኒኮልሰንና ቀራጺዋ ባርባራ ሄፕወርዝ ከለንደን መጥተው በአካባቢው ሰፈሩ። በ1949 ከነባሩ ማኅበር የተገነጠሉት ሠዓሊዎች ፔንዊዝ የሚባለውን አዲስ ማኅበር መሠረቱ፤ የራሱ ትንሽ ጋለሪም ነበረው። ታዲያ ብዙ ሳይቆይ አባላቱን በፊደል ልከፋፍል አለ፦ ኤ ለነባሩ አሳሳል፣ ቢ ለዘመናዊውና ለአብስትራክቱ፣ ሲ ለዕደ ጥበቡ። ሐሳቡ ለየወገኑ እኩል ድርሻ ለመስጠት ነው ተባለ። ነገር ግን አንድ ሠዓሊ ባሕሩን ሲስል ማለዳ ኤ፣ ከሰዓት ቢ ሊሆን ይችላል እኮ! ፒተር ላንየን ይህን አልተቀበለም፤ በ1950 ማኅበሩን ጥሎ ወጣ። ላንየን ደግሞ ከመሥራቾቹ መሐል እዚያው ሴንት አይቭስ የተወለደ ሰው ነው። እንግዳው ፊደል ሲያድል ባለአገሩ በሩን ዘግቶ ሄደ።

ለመሆኑ ዋሊስ በሕይወት ቢቆይ የትኛው ፊደል ይሰጠው ነበር? ነባር አይባል፣ ትምህርት የለው፤ ዘመናዊ አይባል፣ ቃሉን አልሰማው፤ ዕደ ጥበበኛም አይደለ።

ፔንዊዝ በ1961 ወደ ዛሬው ጋለሪው ገባ። ቤቱ ቀድሞ ሰርዲን የሚታሸግበት ነበር፤ የሚገኘውም በባክ ሮድ ዌስት፣ በራሱ በዋሊስ መንገድ ላይ ነው። በ1993 ደግሞ ቴት የተባለው ታላቅ የሥዕል ተቋም በባሕሩ ዳር ቅርንጫፉን ከፈተ። ከበላዩ ባለው የመቃብር ስፍራ፣ ሸክላ ሠሪው በርናርድ ሊች በሠራው ንጣፍ ሥር ዋሊስ ተኝቷል። ንጣፉ ላይ አንድ ትንሽ ሰው ምርኩዙን ይዞ ወደ መብራት ማማ በር ይገባል።